ብርሃን ከበሮ ውስጥ ሲያድር

የአጅባር ወይም የመካነ ሰላም ሰው ስለ ትዝታ ብትጠይቁት የሚያወራችሁ ስለ ቅኝቱ ነው። ወሎ ነዋ! እኔ ግን ዛሬ ስለ ሌላ ትዝታ ላውጋችሁ… ብርሃን ያመጣውን መልእክት ከበሮ ይዞ ስለሚያቆይበት። (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ብርሃን ይገፋል። የፀሐይ ብርሃን የኮሜትን ጅራት እንደሚገፋ የጠረጠረው ኬፕለር ነው፤ በ1619። ሩሲያዊው ሌቤዴቭ ግፊቱን በላቦራቶሪ ለክቶ በ1901 አሳተመ።

አሁን ሁለት መስተዋት ፊት ለፊት አቁሙ፤ አንደኛው እንደ ከበሮ ቆዳ የሚርገበገብ ይሁን። በመሐል የሚመላለሰው ብርሃን ቆዳውን ይገፋል፤ የቆዳው ንቅናቄም ብርሃኑን ይለውጠዋል። ለመስተዋቶቹ ከሚስማማው ቀለም ትንሽ ወደ ቀይ ያደላ ሌዘር ሲበራ፣ ብርሃኑ የያዘው ነገር ወደ ቆዳው ይሻገራል። ሌዘሩ ሲጠፋ እዚያው ያድራል፤ እንደገና ሲበራ ይወጣል።

ችግሩ መልእክቱ ተራ አለመሆኑ ነው። በኳንተም ዓለም ከበሮው በአንድ ጊዜ ጸጥ ያለም የሚርገበገብም ሊሆን ይችላል። ትንሽ ሙቀት ከነካው ግን ሁሉም ይበተናል። በ2010 ሳንታ ባርባራ ያሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ሁኔታ በአንዲት ደቃቅ ነዛሪ ላይ አሳዩ፤ የተጠቀሙት ግን በኤሌክትሪክ ዑደት እንጂ በብርሃን አልነበረም። በ2011 ደግሞ ካልቴኮች በሌዘር ብርሃን አንዲት ነዛሪ ከሞላ ጎደል ጸጥ እስክትል አቀዘቀዙ።

የእኛስ ሰው የት አለ? አለ! በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኳንተም ኦፕቲክስ ለዓመታት ተሠርቶበታል፤ ፍስሐ ካሳሁን በ2008 የመማሪያ መጽሐፍ አሳትመውበታል። ከዚያው ክፍል የወጡት ኢዮብ ሰቴ ዶክትሬታቸውን በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ሠሩ። በ2015 ከሂሸም ኤሉሽ ጋር ፊዚካል ሪቪው ኤ ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ የኳንተም ሁኔታን ከብርሃን ወደ ራቀ ነዛሪ በ99.4 በመቶ ብቃት ማሻገር፣ ነዛሪውንም በ96 በመቶ ብቃት እንደ ማስታወሻ መጠቀም እንደሚቻል አስልተው አሳዩ።

ስሌት ነው፣ ሙከራ አይደለም። ለስሌት ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል፤ እሱ አዲስ አበባም አለ። ለሙከራው የሚያስፈልገው ማቀዝቀዣና ሌዘር ያለው ግን ባሕር ማዶ ነው። ልጆቻችንም ተከትለውት ይሄዳሉ።

የሯጮቻችንን ሰዓት እስከ ሴኮንዱ በቃላችን እንይዛለን። እስቲ ከዛሬ ጀምሮ 96 በመቶንም እንያዛት።