ቁረይሾች ቤቱን እንዴት ሠሩት? የካዕባ ግንባታ ታሪክ

  

ሐጅ ወይም ዑምራ ያደረገ ሰው ከካዕባ አንድ ጎን ወጣ ብሎ በግማሽ ክብ የተሠራውን አጭር ግንብ ያውቀዋል። ሒጅር ይባላል። ጠዋፍ አድራጊው በግንቡ ውጭ ይዞራል እንጂ በካዕባና በግንቡ መካከል ሰንጥቆ አያልፍም፤ ያለፈ እንደሆነ ዙሩ አይቆጠርለትም። ከግንቡ ውስጥ ካለው መሬት ስድስት ክንድ ያህሉ ከቤቱ የሚቆጠር ነውና። ለመሆኑ የቤቱ አካል እንዴት ከቤቱ ውጭ ቀረ? ይህን ለመረዳት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የ35 ዓመት ሰው ሳሉ፣ ማለትም ወሕይ ከመውረዱ ከ5 ዓመት በፊት፣ በ605 እ.ኤ.አ. ግድም በመካ የተካሄደውን ግንባታ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። መስጂድ ሠርቶ ለጨረሰ ጀመዓ ከዚህ ይበልጥ የሚቀርብ ታሪክ ያለ አይመስለኝም።

በዚያ ዘመን የነበረው ካዕባ ዛሬ የምናየውን አይመስልም ነበር። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ጭቃ የተካበ ግድግዳ ነበር። ኢብን ኢስሓቅ ቁመቱን ከሰው ቁመት በላይ ነው ሲል፣ የመካን ታሪክ የጻፈው አል-አዝረቂ 9 ክንድ ያደርገዋል። ጣሪያ አልነበረውም። መካ በተራሮች መካከል ባለ ሸለቆ ውስጥ ስላለች ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ወደ ቤቱ ይወርዳል። በዚህ ላይ አንዲት ሴት በካዕባ ዘንድ ዕጣን ስታጨስ ፍንጣሪው ልብሱን አያያዘውና ግድግዳው በእሳት ተጎዳ፤ ጎርፉም መጥቶ ሰነጣጠቀው። በውስጡ ባለው ጉድጓድ ይጠራቀም የነበረው የስጦታ ንብረትም ተሰረቀ፤ ጣሪያ የሌለው ቤት ግድግዳውን መውጣት ለቻለ ሁሉ ክፍት ነውና። ስለዚህ ቁረይሾች ቤቱን አፍርሰው፣ ከፍ አድርገው፣ ጣሪያም አልብሰው ሊሠሩት ተመካከሩ።

ምክክሩ የጀመረው ከገንዘቡ ነው። አቡ ወህብ ኢብን ዐምር የተባለ የበኒ መኽዙም ሰው (የነቢዩ አባት የዐብዱላህ አጎት፣ በእናቱ በኩል) ተነስቶ፣ ለዚህ ቤት ከገቢያቸው ንጹሕ የሆነውን ብቻ እንዲያዋጡ፣ የአመንዝራ ዋጋ፣ የአራጣ ትርፍና ከማንም ሰው በግፍ የተወሰደ ገንዘብ እንዳይገባበት አሳሰበ። ንግግሩ የወሊድ ኢብን ሙጊራ ነው የሚሉም አሉ። የማንም ይሁን፣ ሁሉም ተቀበሉት።

እነዚህ ሰዎች እነማን እንደነበሩ ማስታወስ ይገባል። ጣዖት የሚያመልኩ፣ በአራጣ የሚያበድሩና የሚበደሩ ነጋዴዎች ነበሩ። ኑሯቸውን ከሐራም አላጠሩም፤ የአላህን ቤት ግን ከሐራም ሊያጠሩ ወሰኑ። የትኛው ገንዘብ ንጹሕ፣ የትኛው ቆሻሻ እንደሆነ ልባቸው ያውቅ ነበር ማለት ነው። ዛሬ የመዋጮ ዝርዝር ይዘን በየሱቁ ስንዞር፣ ገንዘብ ገንዘብ ነው፣ ለመስጂድ ከገባ ይጠራል የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል። የጃሂሊያ ሰዎች እንኳ ይህን አላሉም።

ቀጥሎ ያሳሰባቸው እንጨት ነው። በመካ ጣሪያ የሚሸከም ግንድ አይበቅልም። በዚህ መካከል የአንድ ሩማዊ ነጋዴ መርከብ ማዕበል ገፍቷት ከባሕሩ ዳርቻ ተሰበረች። ኢብን ኢስሓቅ በጅዳ ነው ሲል፣ አል-አዝረቂ ከጅዳ በፊት የመካ ወደብ የነበረችውን ሹዐይባን ይጠቅሳል። ቁረይሾች ወርደው እንጨቷን ገዙ። ባቁም የሚባል አናጢና ግንበኛም ከመርከቧ ጋር እንደነበረና አብሯቸው ወደ መካ እንደወጣ ይተረካል። ኢብን ኢስሓቅ ግን የሚያወሳው በመካ ይኖር የነበረ አንድ ቅብጢ አናጢን ነው። በአል-አዝረቂ ዘገባ ባቁም ጣሪያውን ክፈፉ የዘቀዘቀ ላድርገው ወይስ ጠፍጣፋ ብሎ ጠይቋቸው ጠፍጣፋውን መረጡ።

ማፍረሱ ግን አስፈራቸው። የአብረሃ ጦር በዝሆኑ ዓመት የደረሰበትን ሁሉም ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለፈው 35 ዓመት ያህል ብቻ ነው። በመጨረሻ ወሊድ ኢብን ሙጊራ ዶማ አነሳና ከመልካም በቀር ሌላ እንዳላሰቡ ለአላህ ተናግሮ ከሁለቱ ማዕዘናት በኩል ጥቂት አፈረሰ። ሌሎቹ በዚያ ሌሊት ቆመው ጠበቁ፤ አንዳች ነገር ቢደርስበት የፈረሰውን እንደነበረ ሊመልሱ፣ ባይደርስበት ሊቀጥሉ ነው። ወሊድ በማግስቱ በደህና ወደ ሥራው ሲመለስ ሁሉም ተከተሉት። እየቆፈሩ እስከ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) መሠረት ወረዱና እንደ ግመል ሻኛ ያሉ፣ እርስ በርሳቸው የተያያዙ አረንጓዴ ድንጋዮች አገኙ። አንዱ ሰው በሁለት ድንጋዮች መካከል ድጅኖ ቢያስገባ ከተማይቱ ተንቀጠቀጠች ይባላል። ከዚያ በኋላ መሠረቱን ሳይነኩ በላዩ ሠሩ።

ሥራውን ለየጎሳው አከፋፈሉት። በሩ ያለበት ጎን ለበኒ ዐብድ መናፍና ለበኒ ዙህራ ደረሰ። በሐጀሩል አስወድና በየማኒው ማዕዘን መካከል ያለው ለበኒ መኽዙምና አብረዋቸው ለሆኑ ጎሳዎች፣ ጀርባው ለበኒ ጁመሕና ለበኒ ሰህም፣ በሒጅር በኩል ያለው ደግሞ ለበኒ ዐብዱዳር፣ ለበኒ አሰድና ለበኒ ዐዲይ ሆነ። ድንጋዩን ሰው ነው በጫንቃው የተሸከመው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከአጎታቸው ከዐባስ ጋር ድንጋይ ማመላለሳቸው በቡኻሪ ተዘግቧል።

የግድግዳው አሠራር እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ ይመለከታል። አል-አዝረቂ እንደጻፈው ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረገ 16 የድንጋይና 15 የእንጨት ረድፍ ነበረው። በደብረ ዳሞ ወይም ከላሊበላ አቅራቢያ በይምርሐነ ክርስቶስ ያሉትን ጥንታዊ ሕንፃዎች ያየ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል። በታላላቆቹ የአክሱም ሐውልቶች ላይ የተቀረጸውም ይህንኑ የድንጋይና የግንድ ግድግዳ ያስመሰለ ነው። ክሬስዌል የተባለው የእስላማዊ ሥነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊ በ1951 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናቱ ከዚህ ተነስቶ፣ ባቁም የሚለው ስም ዕንባቆም ከሚለው ያጠረ፣ ሰውየውም ሐበሻ ሳይሆን አይቀርም ብሏል። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ሩሚ ወይም ቅብጢ ነው ስላሉ ይህ ግምት ነው፤ በሚንበር ላይ እንደ እርግጥ የሚነገር አይደለም። አሠራሩ ግን ከወዲህኛው የቀይ ባሕር ዳርቻ ተሻግሯል የሚለውን እኔ ለመቀበል አልቸገርም። በረድፍ የተቆጠረ ግድግዳ ከስም ይልቅ ይመሰክራልና።

ግንቡ ሐጀሩል አስወድ ወደሚቀመጥበት ስፍራ ሲደርስ የሆነውን የመድረሳ ልጆች ሁሉ ያውቁታል። ድንጋዩን ማን ያኑር በሚል ተጣሉ። በኒ ዐብዱዳሮች ደም የሞላበት ገበታ አምጥተው ከበኒ ዐዲዮች ጋር እጃቸውን ነክረው እስከ ሞት ተማማሉ። አራት ወይም አምስት ሌሊት ሥራው ቆመ። ሙሉውን ግንብ ተከፋፍለው ሠርተው አንዱን ድንጋይ አብረው ማኖር አቃታቸው። በመጨረሻ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው አቡ ኡመያ ኢብን ሙጊራ መጀመሪያ በበሩ የሚገባው ሰው ይዳኘን አለ። የገቡት አል-አሚን የሚሏቸው ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሆኑ። ኩታ አስመጥተው፣ ድንጋዩን በመካከሉ አድርገው፣ እያንዳንዱ ጎሳ አንድ ጎን ይዞ እንዲያነሳ አዘዙ። ከስፍራው ሲደርስም በእጃቸው አኖሩት።

ቤቱ 18 ክንድ ሆኖ ወጣ፤ የቀድሞው እጥፍ ነው። በውስጡ በሁለት ረድፍ የቆሙ 6 ምሰሶዎች ጣሪያውን ተሸከሙ፤ የጣሪያውም አሸንዳ ወደ ሒጅር እንዲያፈስ ተደረገ። ወርዱና ርዝመቱ ግን በኢብራሂም መሠረት ልክ አልሆነም፤ ያ ንጹሕ ገንዘብ አልበቃማ። አራጣ በሞላባት ከተማ ጉድለቱን መሙላት ለመካ ሀብታሞች የአንድ ቀን ሥራ ነበር። እነርሱ ግን ቃላቸውን ከሚያጥፉ ቤቱን ማሳጠር መረጡ። በአል-አዝረቂ መለኪያ 6 ክንድ ከአንድ ስንዝር ከቤቱ ውጭ ትተው፣ ዟሪው ከኋላው እንዲያልፍ ዝቅ ያለ ግንብ አጠሩበት።

የእኛ መስጂድ ሚናራ ብረቱ እንደወጣ ለዓመታት ሲቆም ያፈራችሁ ብዙዎች ነበራችሁ። ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ በቀረበ ጊዜ ኮሚቴው አመስግኖ መመለሱን የሰሙ አንዳንድ ወንድሞችም ሽማግሌዎቹን በአደባባይ ወቅሰው ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበርኩ፤ ዛሬም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ቁረይሾች የተዉት ስድስት ክንድ ከማንኛውም ግንባታ ጉድለት ይበልጣል፤ የተጎደለው ከነቢዩ ኢብራሂም መሠረት ነውና።

ይሁን እንጂ በሁሉም አላማሩም። በሩን ከመሬት 4 ክንድ ከአንድ ስንዝር ከፍ አድርገው አቆሙት። ጎርፍ እንዳይገባ የሚል ምክንያት ይጠቀሳል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን የፈለጉትን ለማስገባት፣ ያልፈለጉትን ለመከልከል እንደሆነ ለዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረዋታል። በገንዘቡ የተጠነቀቁ ሰዎች በሩን ለኩራታቸው ሠሩት።

መካ በ8 ዓመተ ሒጅራ (630 እ.ኤ.አ.) ስትከፈት ቤቱን ማስተካከል በነቢዩ እጅ ነበር። ሕዝቦቿ ከክሕደት ከወጡ ገና ቅርብ ባይሆኑ ኖሮ ቤቱን አፍርሰው ሒጅርን ወደ ውስጥ እንደሚያስገቡ፣ በሩን ከመሬት ጋር እንደሚያስተካክሉና መግቢያና መውጫ ሁለት በር እንደሚያደርጉለት ለዓኢሻ ገልጸውላታል። በሙስሊም ዘገባ ለሥራው የሚበቃ ገንዘብ እንዳልነበራቸውም ተጠቅሷል። ስለዚህ እንዳለ ተዉት።

ይህን ከዓኢሻ የሰማው የእህቷ ልጅ ዐብዱላህ ኢብን ዙበይር ነው። በ64 ዓመተ ሒጅራ (683 እ.ኤ.አ.) መካ በተከበበች ጊዜ ካዕባ ተቃጥሎ ግድግዳው ተሰነጣጠቀ። ኢብን ዐባስ የላላውን ብቻ አድስ፣ የቀረውን ተወው ብለው መከሩት። እርሱ ግን ሦስት ቀን ኢስቲኻራ አድርጎ አፈረሰው። ሰዎች ወደ ቤቱ አቅጣጫ እንዲሰግዱ በዙሪያው ምሰሶ ተክሎ መጋረጃ ጋረደ። መሠረቱን ቆፍሮ ለሕዝብ ካሳየ በኋላ ሒጅርን ጨምሮ፣ ሁለት በር በመሬት ልክ አድርጎ ሠራው። ይህ ግን ብዙ አልቆየም። ሐጃጅ በ73 ኢብን ዙበይርን ከገደለ በኋላ፣ በ74 (693 እ.ኤ.አ.) በኸሊፋው ዐብዱል መሊክ ፈቃድ የተጨመረውን አፍርሶ፣ የምዕራቡን በር ደፍኖ፣ የምሥራቁን ወደ ቀድሞ ከፍታው መለሰ። ዐብዱል መሊክ የዓኢሻን ሐዲስ እውነተኛነት ሲሰማ ተጸጸተ። በኋላ ከዐባሲያ ኸሊፋዎች አንዱ እንደ ኢብን ዙበይር አድርጎ ሊሠራው ሲያስብ፣ ኢማም ማሊክ ቤቱ የነገሥታት መጫወቻ እንዳይሆን ሰግተው ከለከሉት። ታላቅ ፍርድ ነው እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ በ1039 ዓመተ ሒጅራ (1630 እ.ኤ.አ.) ጎርፍ ግድግዳዎቹን ጥሎ በሱልጣን ሙራድ 4ኛ ዘመን እንደገና ተሠራ። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣሪያውና የውስጥ ምሰሶዎቹ ታደሱ። የሒጅር ግንብ በሁለቱም ጊዜ ከነበረበት አልተነሳም።

ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በቤቱ ውስጥ መስገድ በፈለገች ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጇን ይዘው ወደ ሒጅር አስገቧትና ከቤቱ ክፍል ስለሆነ በዚያ እንድትሰግድ ነገሯት። ከፍ ባለው በር መግባት ለጥቂቶች ብቻ በሚፈቀድበት በዛሬው ዘመን፣ ከአሸንዳው በታች ቦታ ያገኘ ሐጃጅ ሁለት ረከዓ ሰግዶ ይወጣል።