ባይተዋርን ማን ይቀብረዋል? ስለ ሶደሬና አካባቢው የቀብር ልማድ

በአገራችን ሰው ሲሞት ሬሳው የሚሰናዳው ለዚሁ በተቀጠረ ሠራተኛ ሳይሆን በቤቱ፥ በዘመድና በጎረቤት እጅ መሆኑ ለአንባቢዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው፥ ዘመድ በሌለበት አገር ይህን ሥራ ማን እንደ ሠራው ነው። ለዚህም ከአዳማ (በቀድሞ ስሟ ከናዝሬት) 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዋሽ ዳር የምትገኘውን ሶደሬንና አጎራባች ከተሞቿን መርጠናል፤ በዚህ ቆላ ከነባሩ የኦሮሞ ሕዝብ ጎን ከየአገሩ የመጣ ሰው በብዛት ሰፍሯልና።

የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማ የመንገዱ ጣቢያ ነበረች። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ስኳር ማምረት በጀመረ ጊዜ ደግሞ ከከምባታና ከሀዲያ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወረደ። ወንድሙና አጎቱ በሩቅ የቀሩበት እንዲህ ያለው ሰው ቢሞት ዓይኑን ማን ይከድንለታል?

ሥራው ቀላል አይደለም። ዓይን ይከደናል፥ አገጭ ይታሰራል፥ የእግር አውራ ጣቶች በክር ይያያዛሉ፤ ገላው ታጥቦ በነጭ ጨርቅ ይገነዛል። በክርስቲያኑ ዘንድ ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ። በሙስሊሙ ዘንድ ወንድን ወንድ፥ ሴትን ሴት ታጥቦ በከፈን ይጠቀለላል፥ ሶላትም ይሰገድበታል። በሁለቱም ዘንድ ቀብር አይዘገይም፤ በአዋሽ ሸለቆ ሙቀትማ ማዘግየት ከቶ አይቻልም። ስለዚህ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አጣቢ፥ ገናዥ፥ መቃብር ቆፋሪና ቃሬዛ ተሸካሚ መገኘት አለበት።

የዘመዱን ቦታ የተካው ዕድር ነው። ስለ አመጣጡ ሊቃውንት አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ በአዲስ አበባ ከሰፈሩት የጉራጌ ተወላጆች ጋር፥ ሌሎቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጠላት ወረራ ጋር ያያይዙታል። እኛ በዚህ ላይ አንዘገይም። ይልቁንስ የኢኮኖሚ አዋቂዎች ዕድርን እንደ ኢንሹራንስ መቍጠራቸው ጉዳዩን በግማሽ ብቻ የሚያሳይ ይመስለናል። መዋጮው በየወሩ ይከፈላል፥ ድንኳኑና ድስቱም በዚሁ ይገዛል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጥሩምባ ነፊው በማለዳ ሞት ሲለፍፍ ሰምቶ ከቀብር የቀረ አባል፥ መዋጮውን አሟልቶ የከፈለ እንኳ ቢሆን፥ ይቀጣል። ደንበኛውን ከለቅሶ ቀረህ ብሎ የሚቀጣ ኢንሹራንስ የት አለ? ዕድር ከአባሉ ከገንዘቡ ይልቅ ትከሻውንና ጊዜውን ይፈልጋል፤ ሴቶቹም ንፍሮውንና እንጀራውን ይዘው እየመጡ ኀዘንተኛውን ያስተዛዝናሉ። በ1967 ዓ.ም. ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላም ዕድር ያልጠፋው ይህን የሚተካ ሌላ ስላልተገኘ ይመስለናል።

የሶደሬ ችግር ግን ከወንጂ ይለያል። ፍል ውሃውን ለመድኃኒት ብሎ ከሩቅ የሚመጣ ሕመምተኛ ዕድሩ ያለው በሰፈሩ ነው፤ ጥሩምባው የሚነፋለትም እዚያው ነው። እዚህ ሕይወቱ ቢያልፍ አስታማሚው ሬሳውን ጭኖ መመለስን ወይም እዚሁ ማስቀበርን በዚያው ቀን መወሰን ግድ ይሆንበታል። እዚህ ከተቀበረ፥ ሽማግሌዎች ለቤተ ሰቡ ገና ጎሕ ሲቀድ መርዶ ይነግራሉ፤ ሬሳ የሌለበት ለቅሶም በልብሱና በፎቶግራፉ ይለቀሳል።