ከዋስ ወደ ጽሑፍ፤ ስለ ውል መጽናት

በቀድሞው የአገራችን ልማድ ውልን ያጸኑ የነበሩት ዋስ፤ ምስክርና በንጉሥ ስም የሚደረገው መሐላ ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 1678 የተዋዋዮችን ችሎታ፤ ጉድለት የሌለበትን ፈቃድ፤ የታወቀ፤ የሚቻልና ሕጋዊ የሆነ ጉዳይን፤ ሕግ ሲያዝም ፎርምን ይጠይቃል።

ሕጉ በቁጥር 3347 የቀድሞውን ልማድ ቢሽርም ምስክሩን ግን አላሰናበተም። በጽሑፍ እንዲሆን የታዘዘ ውል ሁለት ምስክሮች ካላረጋገጡት አይጸናም (ቁጥር 1727)። ቤት ሲሸጥም ቃልና ዋስ ብቻ አይበቁም፤ ጽሑፍ ያስፈልጋል (ቁጥር 1723)።

ፊደል ያልቆጠረውስ ሰው? የጣት አሻራው በዳኛ ወይም በውል አዋዋይ ሹም ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም (ቁጥር 1728)። ስለዚህ መሐላ ይሰጥ የነበረውን መተማመኛ ዛሬ የሚሰጠው ሹሙ ነው እንላለን፤ ጥበቃውም የሚሠራው ሹሙ ለባላገሩ ቅርብ እስከሆነ ድረስ ነው።