በጎማ ውስጥ ያለው ካርበን፦ ምንነቱ፣ ጠቀሜታውና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ የሚገኘው ምን አለሽ ተራ ያገለገሉ ዕቃዎች ዳግም ጥቅም ላይ እንዲውሉ የሚደረግበት የገበያ ስፍራ ነው። ቆራሌዎች ከየሰፈሩ የሚሰበስቡት ቁርጥራጭ ብረት፣ በርሜልና አሮጌ ጎማ በባለሙያዎች እጅ ምድጃ፣ ባልዲና ጫማ ሆኖ ይወጣል። ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ጫማ ለጥንካሬው ይታወቃል። የጥንካሬው አንዱ ምክንያት በጎማው ውስጥ በዓይን የማይታዩ የካርበን ቅንጣቶች የሚፈጥሩት ትስስር ነው። ይህ መረጃ ትስስሩ ምን እንደሆነና ጎማ ሲቃጠል ለምን ጎጂ እንደሚሆን ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው።

የጎማ ይዘት

ጎማ ለስላሳና የሚለጠጥ ቁስ ነው። በሚመረትበት ጊዜ ረጃጅም ሞለኪውሎቹ በድኝ አማካይነት እርስ በርሳቸው ይተሳሰራሉ። ከዚህም ሌላ ካርበን ብላክ የተባለ፣ ጥላሸት የሚመስል ጥቁር ዱቄት ይጨመርበታል። በተለመደ የመኪና ጎማ ውስጥ ይህ ዱቄት ከጠቅላላው ክብደት ወደ ሩብ ይጠጋል። ዱቄቱ ከመጨመሩ በፊት የነበሩት የመጀመሪያዎቹ የመኪና ጎማዎች ነጣ ያሉና ቶሎ የሚያልቁ ነበሩ።

የቅንጣቶቹ አደረጃጀት

ቅንጣቶቹ የሚለኩት በናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። ቅንጣቶቹ በጎማው ውስጥ ከተሰራጩ በኋላ፣ ማንም በየቦታቸው ሳይደረድራቸው፣ እርስ በርሳቸው በመሳሳብ እንደ ሰንሰለትና እንደ መረብ ይያያዛሉ። ይህ ሂደት በሳይንሱ ራስን በራስ ማደራጀት ይባላል። ጎማው ሲለጠጥ ከመረቡ የተወሰነው ክፍል ይላቀቃል፤ ጎማው ሲያርፍ ደግሞ አብዛኛው ተመልሶ ይያያዛል። መረቡ ጎማውን ከማጠንከሩም በላይ ኤሌክትሪክ በመጠኑ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል።

ጃፓናዊው ሳይንቲስት ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በስፋት የታወቁት የካርበን ናኖ ቱቦዎችም በተመሳሳይ መንገድ መረብ ይፈጥራሉ። ቀጭንና ረጃጅም በመሆናቸው በቀላሉ ስለሚነካኩ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መረብ ለመፍጠር ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ ያነሰ መጠን ይበቃቸዋል። በዚህም ምክንያት በሊቲየም ባትሪዎች ውስጥ አገልግሎት ላይ ይውላሉ።

መቁረጥና ማቃጠል ያላቸው ልዩነት

ጎማ በቢላዋ ሲቆረጥ የካርበን ቅንጣቶቹ ከጎማው ጋር እንደተጣበቁ ይቀራሉ። ሲቃጠል ግን ይዟቸው የነበረው ጎማ ይፈርሳል። ቃጠሎው ራሱም አዲስ ጥላሸት፣ ካርበን ሞኖክሳይድ፣ ከድኙ የሚመነጭ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ እንዲሁም ለካንሰር የሚያጋልጠውን ቤንዚን የተባለ ኬሚካል ወደ አየር ይለቃል። እጅግ ደቃቅ የሆነው ጥላሸት እስከ ሳንባ የውስጠኛው ክፍል ድረስ ዘልቆ ይገባል። በተለይ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡር እናቶችና የአስም ሕሙማን ለጉዳቱ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

• ሽቦ ለማውጣትም ሆነ እሳት ለማቀጣጠል ጎማ አለማቃጠል፤ ሽቦውን በመቁረጫ መሣሪያ መለየት፤
• ጎማ በሞረድ ወይም በማሽን ሲፋቅ ብናኝ ስለሚነሣ አፍና አፍንጫን በተገቢው ጭምብል መሸፈን፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መሥራት፤
• ብናኙን ከመጥረግ በፊት በውኃ ማርጠብ፣ ምግብ ከመመገብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፤
• አሮጌ ጎማን ከእሳትና ከብየዳ ሥራ አርቆ ማከማቸት። የተከመረ ጎማ አንዴ ከተቀጣጠለ ለማጥፋት እጅግ አዳጋች ነው።

አቤቱታ ስለማቅረብ

በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ የተነካ መሆኑን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤቱታ አቅራቢው በውሳኔው ካልተስማማ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው ቃጠሎው የተፈጸመበትን ቦታ፣ ቀንና ሰዓት ቢገልጽ ጉዳዩን ለማጣራት ይረዳል።