በቤት የሚሠራ የፀሐይ ፓነል
በቤት የሚሠራ የፀሐይ ፓነል የሲሊከን ሴሎችን በማያያዝ ከመብራት መስመር ለራቀ ቤት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። አንድ ሴል 0.5 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ፣ በተከታታይ የተበየዱ 36 ሴሎች 18 ቮልት ያህል ያመነጫሉ፤ ይህም ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት ይበቃል። ሴሎቹ ተሰባሪ በመሆናቸው ከመስታወት ሥር ይታሸጋሉ፤ እርጥበት ከገባ መጋጠሚያዎቹ ይበላሻሉ። ከፓነሉ ቀጥሎ የሚገጠመው መቆጣጠሪያ ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላ ያደርጋል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በከተማዋ የእንጦጦ ተራራ ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ፓነሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘመም ብሎ ይተከላል፤ ዝንባሌው ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ይረዳል። ሴል ሲሞቅ ቮልቴጁ ስለሚቀንስ የተራራው ብርድ ይጠቅማል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመና ምርቱን ስለሚያሳንስ የፓነሉና የባትሪው መጠን የሚሰላው በክረምቱ ብርሃን ነው።