የአሸጎዳ ነፋስና የአምራቾች ኃላፊነት

በመቀሌ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ ነፋስን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው በአውድማ ላይ ነው። መኸር ተሰብስቦ እህሉ ከተወቃ በኋላ ምርቱን ከገለባው የሚለይለት ይኸው በበጋ ወራት የሚበረታው ነፋስ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ግን ያው ነፋስ ለሌላ ሥራ ታጨ። የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂ.ቲ.ዜድ በረዳው ጥናት የነፋሱ ፍጥነት ተለካ፤ ከመቀሌ ብዙ የማይርቀው አሸጎዳም ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ከታሰቡት ቦታዎች አንዱ ሆነ።

የምርጫው ምክንያት ግልጽ ነበር። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው የሚገኘው ከውሃ ነው። ክረምት ሲወጣና ወንዞች ሲጎድሉ የግድቦች ውሃ ይቀንሳል፤ ነፋሱ የሚጠነክረው ደግሞ በዚያው በደረቁ ወራት ነው። ስለዚህ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞሉ ናቸው። እርግጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አየሩ የሳሳ በመሆኑ፣ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ የሚሰጠው ኃይል በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሆኖም ኃይሉ ከፍጥነቱ ሦስተኛ እርከን ጋር የሚያድግ ስለሆነ፣ የፍጥነቱ ብልጫ የአየሩን መሳሳት ሊክሰው ይችላል።

ውሉ በ2001 ዓ.ም. ቨርኜ ከተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ጋር ተፈረመ። ወጪው 210 ሚሊዮን ዩሮ ሲሆን፣ አብዛኛው ገንዘብ ከቢ.ኤን.ፒ. ፓሪባ ባንክና ከፈረንሳይ የልማት ድርጅት በብድር የተገኘ ነበር። ኩባንያው መጀመሪያ የተከላቸው ራሱ የሠራቸውን፣ እያንዳንዳቸው ባለ ሁለት ክንፍ የሆኑና 1 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 30 ተርባይኖች ነው። ቀጥሎም አልስቶም የተባለው ሌላው የፈረንሳይ ኩባንያ የሠራቸው፣ ባለ ሦስት ክንፍና እያንዳንዳቸው 1.67 ሜጋ ዋት የሆኑ 54 ተርባይኖች ቆሙ። በድምሩ 84 ተርባይኖችና 120 ሜጋ ዋት ማለት ነው። ጣቢያው ጥቅምት 16 ቀን 2006 ዓ.ም. ሲመረቅ በዓመት 400 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል እንዲያመነጭ ታቅዶ ነበር።

ጭስ የማያወጣ፣ ነዳጅ የማይጠይቅ ማመንጫ ለአካባቢ የሚሰጠው ጥቅም አያከራክርም። ይሁን እንጂ ንጹሕ የሚባለው ኃይልም የራሱ ዕዳ አለው። የመጀመሪያው ዕዳ የመሬት ነው። ለተርባይኖቹ መሠረት፣ ለመንገዶቹና ለማከፋፈያው የእርሻ መሬት ተወስዷል። በጊዜው ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ፣ ከመልቀቁ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው ይደነግግ ነበር። ካሣው አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ መሬቱ ግን ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ መተዳደሪያ ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1161 መተካቱ፣ የቀድሞው ስሌት በቂ እንዳልነበረ ሕግ አውጪውም እንደተገነዘበ የሚያመለክት ነው።

ሁለተኛው ዕዳ ገና አልደረሰም። እንዲህ ያሉ ተርባይኖች በተለምዶ ለ20 ዓመት አገልግሎት የሚነደፉ ናቸው። የብረቱ ምሰሶ ይቀለጣል፤ የመዳቡ ሽቦ ገዢ አያጣም። አስቸጋሪው ክንፉ ነው። ክንፍ ከፋይበርግላስና ከሙጫ ተጣብቆ ስለሚሠራ ቀልጦ ዳግመኛ ቅርጽ አይይዝም። በአሸጎዳ 222 ክንፎች አሉ፤ ጫፍ ለጫፍ ቢደረደሩ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። እነዚህ ክንፎች ሲያረጁ የት ይወድቃሉ? ኃላፊውስ ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ሰው ውሉን የተፈራረሙትን ወገኖች መፈለጉ አይቀርም። ታሪኩ አስተማሪ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ጣቢያው በተመረቀበት በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ። የአልስቶም የኃይል ክፍል በ2008 ዓ.ም. ለአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ተሸጠ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ክፍል ጂ.ኢ. ቨርኖቫ በሚል ስም ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። ቨርኜም በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ዕዳውን መክፈል ተስኖት በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ገባ። ምሰሶዎቹ የዕድሜያቸውን እኩሌታ እንኳ ሳይደርሱ፣ ሠሪዎቹና ባለቤቱ እንደ ቀድሞው አልነበሩም።

በዓለም ላይ የታላላቅ አምራቾች አስተሳሰብ እየተለወጠ መሆኑ አይካድም። የዴንማርኩ ቬስታስ በ2012 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2040 ድረስ ምንም ቆሻሻ የማይተው ተርባይን ለመሥራት ቃል ገባ። ሲመንስ ጋሜሳ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሙጫው በኬሚካል ተለይቶ ዳግመኛ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችል ክንፍ አስተዋወቀ። ጄኔራል ኤሌክትሪክም በዚያው ዓመት ቬዮሊያ ከተባለው ኩባንያ ጋር ተዋውሎ፣ በአሜሪካ ከአገልግሎት የወጡ ክንፎች ተፈጭተው ለሲሚንቶ ፋብሪካ ግብዓት እንዲሆኑ አደረገ፤ ሙጫው ማገዶ ይሆናል፣ የመስታወቱ ሲሊካም የጥሬ ዕቃውን ከፊል ይተካል። ይሁን እንጂ እነዚህ ቃል ኪዳኖች የተገቡት የአሸጎዳ ተርባይኖች ከቆሙ በኋላ ነው። አዲስ ቃል ኪዳን ደግሞ በውል ካልተጻፈ በቀር ለአሮጌ መሣሪያ አይሠራም።

ያም ሆኖ የመፍትሔው አንድ ክፍል ከደጅ ነው። መሰቦ የሲሚንቶ ፋብሪካ የሚገኘው እዚያው መቀሌ ነው። የእቶኑ ሙቀት፣ የጭስ ማጣሪያውና የመፍጫው አቅም በአግባቡ ከተጠና፣ የአሸጎዳ ክንፎች በጉድጓድ ከመቀበር ሊድኑ ይችሉ ይሆናል። ጥናቱ ግን ክንፉ ከወረደ በኋላ ሳይሆን ከወዲሁ የሚጀመር ነው።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ሌላ ትምህርት ጨምሯል። መቀሌ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ተቆራርጣ ቆይታ የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነበር። በእነዚያ ዓመታት መለዋወጫና ባለሙያ እንደ ልብ የሚመላለስበት መንገድ አልነበረም። መለዋወጫው ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ የጥገናው ምስጢር በአምራቹ እጅ የሆነ መሣሪያ፣ መንገድ ሲዘጋ ከነፋሱ ጋር ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ለአካባቢ መቆርቆር ማለት ጭስን መቀነስ ብቻ አይደለም፤ የተተከለው መሣሪያ ዕድሜውን ጨርሶ እንዲያገለግል ዕውቀቱን ለአገሬው ባለሙያ ማስረከብም ጭምር ነው።

የአሸጎዳ ታሪክ የሚያስረዳው ኩባንያ የሚሸጥና የሚፈርስ፣ መሥሪያ ቤትም የሚከፈል መሆኑን ነው፤ መሬቱና ገበሬው ግን ከቦታቸው አይነሡም። ስለሆነም የማፍረሻው ወጪ ከመጀመሪያው ተሰልቶ በአገር ውስጥ ባንክ በአደራ ይቀመጥ፤ ክንፉን የሚረከበው ማን እንደሆነ በውሉ ይጻፍ፤ ሥራው ሲያልቅ የጸደቀው ንድፍና የጥገናው መመሪያ ተሟልቶ ለባለቤቱ ይሰጥ። እነዚህን አንቀጾች የሚያረቅቀው የሕግ ባለሙያ ነው፤ እንዲያረቅቅ የሚያሳስበው ግን መሐንዲሱ ነው። ከአሸጎዳ ሌላ በአዳማና በአሰላ ተርባይኖች ቆመዋል፤ ሌሎችም ይከተላሉ። ነፋሱ ውል አይጠይቅም፤ ነፋሱን ሊሠራበት የሚመጣ ሁሉ ግን ሊጠየቅ ይገባዋል።