ጽልመታዊ ሐሎ እና የጋላክሲዎች ጥምዝ ክንዶች

ጽልመታዊ ሐሎ ዳርክ ማተር በመባል በሚታወቀው፣ ብርሃን በማያመነጭና በማያንጸባርቅ ቁስ የተሞላ፣ በግምት የሉል ቅርጽ ያለውና የሚታየውን የጋላክሲ ክፍል በመካከሉ ይዞ እጅግ ርቆ የሚዘረጋ ክልል ነው። የጋላክሲው መጠነ ቁስ በአብዛኛው በሐሎው ውስጥ እንደሚገኝ ቢገመትም፣ ጥምዝ ክንዶቹ የሚፈጠሩት ከዋክብትና ጋዝ በሚዞሩበት ዝርግ ዲስክ ላይ ነው። ሐሎው በስበቱ አማካይነት የክንዶቹን ብዛት፣ ጉልህነትና አጠማዘዝ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ እንደሆነ ይታመናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

የጋላክሲ ጥምዝ ቅርጽ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በ1845 ሎርድ ሮስ አየርላንድ ውስጥ ባሠራው ቴሌስኮፕ ኤም 51 የተባለውን ጋላክሲ ሲመለከት ነው። ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ በ1970 ስለ አንድሮሜዳ፣ አልበርት ቦስማ በ1978 በሃይድሮጂን የሬዲዮ ሞገድ ስለ ሌሎች ጋላክሲዎች ያቀረቧቸው ልኬቶች የመዞር ፍጥነት ከማዕከሉ ሲርቁ እንደተጠበቀው እንደማይቀንስ አመለከቱ፤ የሚታየው ቁስ ስበት ብቻውን ይህን ፍጥነት ሊያስገኝ ስለማይችል፣ ይህ ለሐሎ መኖር ዋና ማስረጃ ተደርጎ ተወሰደ።

የ1973ቱ መከራከሪያ

ጄርማያ ኦስትራይከርና ጄምስ ፒብልስ በ1973 ባሳተሙት ጥናት ከዋክብትን የሚወክሉ ጥቂት መቶ ነጥቦችን በኮምፒውተር በማንቀሳቀስ፣ ያለ ሐሎ የሚዞር ዲስክ ብዙም ሳይቆይ ባር ወደሚባል ዘንግ መሰል የከዋክብት ክምችት እንደሚለወጥ አሳዩ። በስሌታቸው መሠረት ይህ የሚሆነው የመዞር ጉልበቱ ከስበት እምቅ ጉልበቱ 14 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ስለሆነ፣ እንደ ፍኖተ ሐሊብ ያሉ ጋላክሲዎች ዲስካቸው ሳይፈርስ የሚቆየው ቢያንስ ከዲስኩ ጋር የሚመጣጠን የማይታይ ክብ ቁስ ቢኖራቸው ነው ሲሉ ደመደሙ።

ድምዳሜው ለሐሎ ጽንሰ ሐሳብ ከፍተኛ ድጋፍ ቢሰጥም ሙግቱ እንደቀረበበት መልክ አልጸናም። አለር ቱምሬ በ1981 በማዕከሉ የታመቀ ክምችት ብቻውን ባርን ሊያግድ እንደሚችል ያመለከተ ሲሆን፣ ሊያ አታናሱላ ደግሞ በ2002 የሐሎው ቅንጣቶች እንዲንቀሳቀሱ ሲፈቀድላቸው የዲስኩን አንጉላር ሞመንተም (የመዞር እንቅስቃሴ መጠን) እየተቀበሉ ባሩን ይበልጥ እንደሚያጠነክሩ አሳይታለች። በ1973ቱ ሥራ ሐሎው የማይንቀሳቀስ ተደርጎ ተወስዶ ስለነበር ይህ ውጤት ሊታይ አይችልም ነበር። ፍኖተ ሐሊብ ራሱ ባር እንዳለውም በኋላ ተረጋግጧል።

የክንዶች ብዛት

በሰፊው ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ የተመሠረተው ስዊንግ አምፕሊፊኬሽን በሚባለው ሂደት ላይ ነው። የዲስኩ ውስጠኛ ክፍል ከውጭው ቀድሞ ስለሚዞር፣ በዲስኩ ላይ የተፈጠረ ትንሽ መዛባት እየተጎተተ አቅጣጫውን ሲለውጥ የከዋክብቱ የእርስ በርስ ስበት ለአጭር ጊዜ ያጎላዋል። በዚህ ጊዜ በክንዶች መካከል የሚኖረው ተስማሚ ርቀት የዲስኩ እፍጋት ሲጨምር ይሰፋል። ስለዚህ የመዞር ፍጥነቱ ሳይለወጥ የሐሎው ድርሻ እየከበደ ሲሄድ ዲስኩ ስለሚሳሳ ርቀቱ ይጠብባል፣ ክንዶቹም ይበዛሉ፣ ይቀጥናሉ፤ ዲስኩ ሲከብድ ግን ጥቂትና ጎላ ያሉ ክንዶች ይታያሉ። አታናሱላ፣ ቦስማና ፓፓዮአኑ በ1987 ይህንኑ ገልብጠው፣ ሁለት ክንድ መኖሩን የዲስኩን ዝቅተኛ መጠነ ቁስ ለመገመት ተጠቅመውበታል። ይሁን እንጂ እንደ ኤም 51 ባሉ ጋላክሲዎች የጎረቤት ጋላክሲ ስበትም ሁለት ክንድ ሊያስገኝ ስለሚችል ዘዴው ለሁሉም እኩል አይሠራም።

አጠማዘዝ

የሐሎውን ጨምሮ ቁሱ በማዕከሉ የታመቀ ጋላክሲ ውስጠኛው ክፍል ከውጭው ይበልጥ ቀድሞ ስለሚዞር ክንዶቹ ጠበቅ ብለው፣ የተበተነው ደግሞ ላላ ብለው እንደሚጠመዘዙ ይጠበቃል።

ያልተቋጩ ጉዳዮች

ቺያ ቺያኦ ሊንና ፍራንክ ሹ በ1964 ክንዶቹን ረጅም ዕድሜ ያላቸው የእፍጋት ሞገዶች አድርገው ሲያቀርቡ፣ ጄሪ ሴልዉድና ሬይመንድ ካርልበርግ በ1984 ባካሄዱት የኮምፒውተር ምሰላ ክንዶቹ እየጠፉ የሚታደሱ ሆነው ተገኝተዋል። የፍጥነት ልኬት ብቻውን የዲስኩንና የሐሎውን ድርሻ ለይቶ ስለማያሳይ፣ ለአንድ ጋላክሲ የሚሰጠው ትርጓሜ በአብዛኛው በተመረጠው የዲስክ ክብደት ላይ ይወድቃል። ሞርደሃይ ሚልግሮም በ1983 ያቀረበው፣ ከሐሎ ይልቅ የእንቅስቃሴን ሕግ የሚያሻሽለው አማራጭም ደጋፊዎች አሉት።